ባሌ የወረወረው ድንጋይ

ባሌ ሄድሊ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ መንገድ ስቶ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ልቡም እግሩም ሰፈራችን አጠገብ ያለው ኮምፕተን ባሕር ዳርቻ ነው። ማዕበል ገደሉን ንዶ ባደረ ማግስት ቁርሱን እንኳ ሳይጨርስ ቦት ጫማውን አጥልቆ ውልቅ ይላል። ሲመለስ ኪሱ ሙሉ ድንጋይ ነው። "ድንጋይ አይደለም፣ የዳይኖሰር አጥንት ነው" ይለኛል። እሺ፣ አጥንት ይሁን! የገላ መታጠቢያ ገንዳዬ ውስጥ ምን ይሠራል?

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ያውቃል። እሑድ እሑድ ዳርቻው ላይ ሰው ያገኘውን ይዞ ፊቱ ይሰለፋል። አጥንት ከሆነ ስብራቱ እንደ ዳቦ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ያሳያቸዋል። ካልሆነ ደግሞ "ብረት ነው!" ይልና ወደ ባሕሩ ይወረውረዋል። ዳርቻችን በዚያ ዝገት በመሰለ የብረት ድንጋይ የተሞላ ነው። "የሰው ድንጋይ ለምን ትወረውራለህ?" ስለው፣ "መልሰው እንዳያመጡብኝ" ይላል። ያቺ ውርወራው ሁልጊዜ ታበሳጨኛለች።

ሮዌና የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ባሏ ትቷት ከሄደ በኋላ እኛ ሰፈር ገባች። ስምንት ወር ሙሉ፣ ዝናብ ብርድ ሳትል፣ ዳርቻውን ስታስስ ከረመች። አንዲት አጥንት አላገኘችም።

በመጋቢት አንድ እሑድ ጠዋት ቡጢ የሚያህል ዝገታም ድንጋይ ይዛ መጣች። እኔ ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳሁ አጠገቡ ነበርኩ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ካልሆነ ይብቃኝ" አለችው። "ዓይን የለኝም ማለት ነው።"

ሄድሊ አንዴ ገልበጥ አደረገው። "ብረት ነው!" ጧ! ውሃው ውስጥ።

ሮዌና ፈገግ ለማለት ሞከረች። "እንግዲያው ደህና ዋሉ" ብላ ሄደች። ያቺ ፈገግታ አንጀቴን በላችው።

ምሳ ላይ ሄድሊ ሾርባውን ሊጠጣ ማንኪያውን እንዳነሳ ቀረ። ዓይኑ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተተክሏል። እዚያ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠች ጥቁር፣ ጫፏ ሹል አጥንት አለች። ከሥሯ የተሰበረች ስለሆነች የምን እንደሆነች እሱም የሙዚየም ሰዎችም በእርግጠኝነት መናገር አልቻሉም። ከጫፏ እስከ ስብራቷ ክር የመሰለ ነጭ መስመር ወርዶባታል።

"ያ ድንጋይ..." አለ።

"የቱ ድንጋይ?"

"የሮዌና። እንዲህ ያለ ነጭ መስመር ነበረው። ዝገት ሸፍኖት ነው እንጂ ብረት አይደለም! የዚች ግማሽ ነው። ምን ነካኝ?"

ሁለት ቀን ውሃው በሸሸ ቁጥር እየሄደ ፈለገ። በስብሶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

"ሄደህ ንገራት" አልኩት።

"ካገኘሁት በኋላ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው! ባታገኘውስ? አንተ አጥንቷን ወርውረህ እሷ 'ዓይን የለኝም' እያለች ቤቷ ትቀመጥ?"

ፈርቷል። ያ ሁሉ ሰው ቃሉን የሚያምነው ሰውዬ፣ በሰባ አንድ ዓመቱ አንዲት ሴትዮ ፊት መቆም ፈራ። በሦስተኛው ቀን በሯ ላይ ቆቡን አወለቀ። እንዳይሸሽ እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ።

"ሮዌና፣ ይቅር በይኝ። አጥንት ነበር። ያላየሁት እኔ ነኝ።"

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "ስምንት ወር! ስምንት ወር የለፋሁበትን እንደ ቆሻሻ?"

በሩን ፊታችን ላይ ልትዘጋው ነው አልኩ። እሷ ግን እጇን ሰዳ ካፖርቷን ከበሩ ጀርባ አወረደች። "የት ቆመው ነበር የወረወሩት?"

ውሃው ሸሽቶ ነበር። ሄድሊ ያን ዓይኑን እያፈጠጠ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሮዌና ጓንቷን አውልቃ ተንበርክካ ድንጋዩን አንድ በአንድ ትዳስሳለች።

"አጥንት በዳበሳ ይፈለጋል እንዴ?" አልኳት።

"እትዬ፣ ጋሼ ያዩት ለአንድ አፍታ ነው። እኔ ግን ሁለት ሰዓት በእጄ ይዤው ዞሬያለሁ። ከታች አውራ ጣቴ ልክ የሚገባባት ጎድጓዳ ነበረችው።"

አንድ ሰዓት አለፈ። ውሃው መመለስ ጀመረ። እኔ ተስፋ ቆርጬ "በቃ፣ ቀረ" ልል ስል ሮዌና እርጥቡ አሸዋ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። አውራ ጣቷ ጎድጓዳዋ ውስጥ ገብቷል።

ሄድሊ ያንን ታማሚ ጉልበቱን ረስቶ ሮጠ። ሊቀበላት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ከኪሱ በካልሲ የተጠቀለለችውን ግማሽ አውጥቶ ለእሷ ሰጣት። ሮዌና ሁለቱን ገጠመቻቸው። ልክክ! ነጩ መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው ዘለቀ።

"ምንድነው ጋሼ?"

"አንቺ ንገሪኝ።"

አገላበጠችው። ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ሹል። "አውራ ጣት" አለች ቀስ ብላ። "የዚያ የትልቁ ቅጠል በሊታ ዳይኖሰር። አውራ ጣቱ እንደ ጦር የሾለው።"

"ኢግዋኖዶን" አለ ሄድሊ። ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገና "ይሄ ነፋስ!" አለ። አዎ፣ ነፋሱ ነው አልኩት።

አውራ ጣቱ አሁን ሙዚየም ውስጥ ነው። ካርዱ ላይ ያለው የሮዌና ስም ብቻ ነው። "የኔም ይጻፍ" በል ብዬው ነበር፣ እምቢ አለ። እሑድ እሑድ አሁንም ሰው ይሰለፋል፣ እሱ ያይና "ሮዌና፣ እስቲ ዳስሺው" ይላል። እሷም አንድ እሑድ ቀርታ አታውቅም።

መወርወሩንም ተወ። "አይታወቅም" እያለ ብረቱንም ዝገቱንም ተሸክሞልኝ ይመጣል። ገንዳው ሞልቶ ወደ ደረጃው ወጥቷል። ትናንት አንዱ የእግሬን ጣት መታኝ። ተናድጄ አነሳሁት፣ መስኮቱንም ከፈትኩ። መጀመሪያ ግን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት።