መኪና ያስገባል ያልኩበት መንገድ

መርሳ ላይ ቤት ሻጭና ገዢ ሳገናኝ ነው ያረጀሁት። ትምህርቴ ስሜን ከመጻፍ ብዙም አያልፍም፤ ሥራዬ በእግሬ ነበር። ገዢውን ይዤ እሄዳለሁ። ቤቱን ዞሮ ያያል፣ ከጎረቤት ጋር ሰላም ይባባላል፣ እኔ ያልነገርኩትን ጎረቤት ይነግረዋል። ስለዚህ ብዙ መናገር አልለመድኩም።

ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ በተባለ ሰሞን አንድ ነጋዴ ጎረቤቴ ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ ሊገባ ቸኮለ። ቤቴን ቶሎ ሽጡልኝ አለኝ። ገዢ ከየት ይምጣ? አገሩ ሁሉ ሻንጣ እያሰረ ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጄ፣ «አባዬ፣ በቪዲዮ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው» አለችኝ።

«በዚህ ዕድሜዬ ልታስቂብኝ ነው?»

«ቤትማ ሞልቷል። ሰው የሚወደው የአንቱን አነጋገር ነው።»

ቀረጸችኝ። ማንጎውን አሳየሁ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ውሃውን አፈሰስኩ። ከቤቱ ጎን ወደ አስፋልት የሚያወጣው መተላለፊያ ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁና፣ «ይኸው ሰፊ ነው፣ መኪና ያስገባል! አላህ ለሐቀኛ ገዢ ይስጠው» አልኩ።

መተላለፊያው ግን የነጋዴው ብቻ አልነበረም። ከኋላ ያለችው፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን የምትወጣው በዚያው ነው። ባሏና የነጋዴው አባት ከየድርሻቸው ቆርሰው በቃል ያወጡት መንገድ ነው፤ ወረቀት የለውም። መርሳ ላይ ይህን የማያውቅ ስለሌለ ለመናገር አላሰብኩም። እሷ ራሷ ያን ሰዓት ፓፓያዋን ተሸክማ መጥታ፣ ቀረጻውን እንዳታበላሽብን ጥግ ይዛ ቆማ ነበር። «ልለፍ ወይስ ገና አልሸጣችሁም?» ብላ አሳቀችን። ልጄ ያንን ከቪዲዮው ቆርጣ አስቀረችው።

ቪዲዮው ጂዳ ደረሰ፣ ቤሩት ደረሰ። «አባትየውን ከነቤቱ እንግዛቸው» ብለው የጻፉም ነበሩ። ውጭ አገር ያለ አንድ ሰው ቤቱን ሳያይ፣ ለወንድሙ ውክልና ሰጥቶ ገዛው። እኔም፣ ልደብቀው አልችልም፣ ኮራሁ።

ብዙም ሳይቆይ ተዋጊዎቹ ገቡ። እኛ በውርጌሳ በኩል ወጥተን ሸሸን፤ የኋላዋ ጎረቤታችን ግን ቀረች። የተሸጠው ቤት ባዶ መስሎ እንዳይዘረፍ ልብሷን እዚያ ግቢ ታሰጣ እንደነበር የሰማሁት ስመለስ ነው።

መንገድ ሲከፈት የገዢው ወንድም መጣ። መተላለፊያውን ከኋላ በኩል በብሎኬት ዘጋው፣ ከፊት የብረት በር ገጠመለት። እሷ በጎርፍ በተቆረጠው ቦረቦር ዞራ መውጣት ጀመረች፤ ቅርጫቱን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ምስክሯ እኔ ነበርኩ፤ መንገዱ የሁለቱ ነው ብዬ ተናገርኩ። ሰውየው ስልኩን አወጣና ድምፄን ለጉባኤው አሰማ።

«አባባ፣ ይሄ ሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መኪና ያስገባል ያሉት አንቱ ነዎት?»

«የእሷም መውጫ መሆኑን አልተናገርኩም እንጂ...»

«ወንድሜ የገዛው የተናገሩትን ነው። ያልተናገሩትን በየት አገር ሆኖ ይስማው?»

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። ሳቁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ወረቀት ባለመኖሩ ለሰውየው ፈረዱለት፤ ቢያዝንላት ራሱ ይክፈትላት አሉ። ወንድሙን በስልክ ጠይቆ፣ «አይሆንም ብሏል» አለን።

እሷ ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም። «ሲዋሹ አይቼዎት አላውቅም፤ ዛሬም አልዋሹም። ግን በየት ልውጣ?»



ልጄ ቪዲዮውን አጠፋችው። ምን ዋጋ አለው፣ ሌሎች ወስደው በየገጻቸው ለጥፈውታል። ባለፈው ከወልዲያ አንድ ደላላ መጥቶ፣ «የእኔንም ቤቶች በዚያ አፍዎ ያውሩልኝ» አለኝ። ሻይ እንኳ ሳልጋብዘው ሸኘሁት።

የእኔ ግቢ ከዚያች ጎረቤቴ ጓሮ ጋር ይዋሰናል፣ በሬም አስፋልት ላይ ነው። አጥሬን በገዛ እጄ አፈረስኩና፣ «በእኔ በኩል እለፊ፣ ወረቀትም አጽፌ እፈርምልሻለሁ» አልኳት። «አላህ ይስጥልኝ» አለች።

አታልፍበትም። የፈረሰው አጥር እንደ ፈረሰ አለ። ማለዳ ማለዳ ቦረቦሩን ስትወጣ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ስታየኝ ቅርጫቷን በአንድ እጇ ደግፋ ቀድማ ሰላም ትለኛለች።