የተመሰከረለት ጥርስ

በግራ በኩል ያለው የታች መንጋጋ ጥርሴ የስር ሕክምና ከተደረገለት ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ነርቩ ወጥቶ፣ ስሩ ተሞልቶ፣ ከላይ ተደፍኖ አለቀ ከተባለ በኋላ ነው ማመርቀዝ የጀመረው። ጉንጬ ያብጣል፤ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ይሟሽሻል፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ይመለሳል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያብጥ ሐኪሙ ራጅ አንስቶ፣ «ስሩ ጫፍ ላይ ኢንፌክሽን አለ። ሰኞ ነይ፣ እንደገና ከፍተን እናጸዳዋለን። ቢሻልሽም እንዳትቀሪ፤ ከቆየ ጥርሱን ታጪዋለሽ» አለኝ።

እናቴ መታመሜን ሰምታ ከምትኖርበት ከሆመቾ መጣችና ሦስት ቀን ጾማ ጸለየችልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ድዴ ላይ የወጣው ብጉር ፈነዳ፤ መግሉ ወጥቶ ሕመሙም አብሮት ሄደ። እማዬ ጉንጬን ዳብሳ በደስታ አለቀሰች። የሐኪሙን ቃል ልነግራት ብዬ እንባዋን ሳይ ተውኩት።

እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እማዬ ብድግ አለች። በሀዲይኛ፣ «የልጄን ጥርስ ጌታ ፈወሰው፤ ከእንግዲህ ሐኪም አያስፈልጋትም!» ስትል ጉባኤው በእልልታ ተቀበላት። ሴቶቹ ዞረው ጉንጬን አዩ። ምን ላድርግ? ፈገግ አልኩ።

ሰኞ ክሊኒኩ በር ድረስ ሄድኩ። ካርድ የምታወጣው ልጅ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ናት። በመስኮት አይታኝ ደስ ብሏት እጇን አውለበለበችልኝ፤ እኔም አውለብልቤላት አለፍኩ። ማንም በማያውቀኝ ከተማ፣ ዱራሜ ሄጄ ልታከም ብዬ መናኸሪያ ወርጄ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና፣ «ጥርስሽ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ ጌታ ይመስገን» ብዬ ወረድኩ። እንዲህ ያለ ፈሪ ነኝ።

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። በዚያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብዬ ጽፌ ተማሪዎቼን ትርጉሙን ጠየቅኳቸው። ሁሉም አወቁት፤ በራሴ አፈርኩ።

በስድስተኛው ሳምንት ጉንጬ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፤ ትኩሳቱም አላስቆም አለኝ። ያኔ ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል ሄድኩ። ሐኪሙ አዲሱን ራጅ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። አጥንቱ ተበልቷል፣ የሚድን ጥርስ አይደለም ብሎ ነቀለው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ስወጣ ቀና ብላ አላየችኝም።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ቅዳሜ ግን የቡላ ገንፎ በሳህን ሸፍና መጣች። ማንኪያ አቀበለችኝና፣ «ይሄ ማኘክ አይፈልግም» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? በመሰከርኩ ማግስት፣ ሰኞ ምሳ ላይ በቀኝ በኩል ብቻ ስታኝኪ አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ሐኪም ጋ ሂጂ ብትይኝ ምን ነበረበት?»

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «በጉባኤ ፊት ድናለች ብያለሁ፤ ምን ብዬ ልመልሰው?»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ግን እኔም እኮ ፈገግ ብያለሁ።