በሕግ አምላክ ያልኩበት ሜዳ

በደሉ ይመዝገብልኝ። በአራተኛው ሙከራ፣ አንዲት እርምጃ ብቻ ቀርታቸው ሳለ፣ አሰልጣኙ ጎበዙን ሯጭ አስወጥቶ ኳሱን በእግር አስመታና ለተጋጣሚ አስረከበ። የምናገረው ስለ አሜሪካኖቹ እግር ኳስ ነው፤ የራስ ቁር ደፍተው በእንቁላል ቅርጽ ኳስ ስለሚጋፉበት። እዚህ ስዊድን አገር፣ አካላ በሚባል ሠፈር ባለው ቤቴ እሁድ አመሻሹን ከልጅ ልጄ ከማሂ ጋር እያየሁ ሱስ ሆኖብኛል። ሕጉን ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ዕድል አላቸው፤ አራተኛው ላይ የፈራ ኳሱን ይመታል፣ የደፈረ ይሮጣል። የእኛዎቹ ባለ ሰማያዊ ማሊያዎች ናቸው፤ አሰልጣኛቸውም ዓመቱን ሙሉ የሚያስመታ ሰው ነው። ያ ሯጭ ልጅ ኳሱ በተሰጠው ቁጥር ወደ ፊት ሲገፋ ነበር። ሲያስወጡት የራስ ቁሩን አውልቆ አሰልጣኙን ትክ ብሎ አየው። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ።

ከሶፋው ተነስቼ «በሕግ አምላክ!» አልኩ።

ማሂ ሳቀችብኝ። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው፤ ይቺን ቃል ብቻ በአማርኛ ትላታለች። ለካ ከእኔ እየሰማች ጨዋታ ማስቆሚያ መስላታለች። ቬሊንግቢ በሚባለው ሠፈር ከሚጫወተው የልጃገረዶች ቡድኗ ጋር ላያት ስሄድ፣ ጠጉራቸው ወርቅ የመሰለው የስዊድን ልጆች ሳይቀሩ እረፍት ሲፈልጉ እጃቸውን አንስተው «በሕግ አምላክ» ይላሉ። እኔም ቃሉ ከየት እንደመጣና የመጀመሪያ ቀን የት እንዳልኩት ቁጭ አድርጌ ነገርኳት።

ልጅ እያለሁ ጉለሌ እንኖር ነበር። ሠፈራችን ከዝናብ በኋላ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር፤ እኛም ጭቃው ሳይደርቅ መሮጥ እንጀምራለን። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ በሩጫ ግን ከሴቱም ከወንዱም የሚቀድመኝ አልነበረም። የስፖርት አስተማሪያችን ጋሼ በላቸው ለትምህርት ቤቶች ውድድር ዱላ ቅብብል ሲያዘጋጁን የመጨረሻዋ ሯጭ አደረጉኝ። ቤት ውስጥ የምለማመድበት ዱላ ስላልነበረኝ የእናቴን ማማሰያ ይዤ ግቢውን እዞር ነበር። እጄ በርበሬ ይሸታል፣ ዓይኔን ስነካው ያቃጥለኛል፣ እናቴ ደግሞ ወጧ እያረረ «ማማሰያዬን!» እያለች ትከተለኛለች። እሷም ሳታውቀው ጎበዝ ሯጭ ሆና ነበር።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ልምምድ አንድ ቀን አዳልጦኝ ወደቅኩ። ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆንኩም፤ ተነስቼም ጨረስኩ።

የውድድሩ ዕለት ሜዳው ላይ በኖራ መስመር ተሰምሯል፤ ወላጆች ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የሌላው ትምህርት ቤት የመጨረሻ ሯጭ እግረ ረጅም ናት፤ እውነተኛ የሩጫ ጫማ አድርጋለች። ጋሼ በላቸው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ትከሻዬን ይዘው ከመስመሩ አወጡኝና አልማዝን በቦታዬ አቆሙ። አልማዝ ጭምት ልጅ ናት፤ ወድቃ አታውቅም፤ ቀድማም አታውቅም። ለምን ብዬ ብጠይቅ ፊታቸውን አዞሩ።

አባቴ «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይል ነበር። ፊሽካው ተነፍቶ የመጀመሪያዎቹ ሯጮች ሲነሱ፣ መሐል ሜዳ ገብቼ ባለ በሌለ ድምፄ «በሕግ አምላክ!» አልኩ።

ቆሙ። የእኛዋም የእነሱም ሯጭ፣ ዱላቸውን እንደያዙ፣ አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ደርቀው ቀሩ። ከኋላ ብርቱካን ይሸጡ የነበሩት ሴትዮ ሳይቀሩ መጣራታቸውን አቋረጡ። ጋሼ በላቸው በላብ ተነክረው መጡ። «ለምን እንዳወጡኝ ይንገሩኝና ልጆቹ ይሩጡ» አልኳቸው። ኋላ እነግርሻለሁ አሉኝ። ኋላ የሚባል ነገር እንደማላውቅ፣ ዋስ እንዲጠሩ ነገርኳቸው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ፊሽካውን የያዙት የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አባ መርሻ ብቻ ነበሩ። ድሮ ወታደር የነበሩ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ወደ እኔ መጥተው ጎንበስ አሉና «እኔ ዋስ ነኝ፤ ይነግርሻል» አሉኝ። እኔም ከሜዳው ወጣሁ፤ ሩጫውም እንደገና ተጀመረ።

ተሸነፍን። አልማዝ አልወደቀችም፤ ባለ ጫማዋ ግን ጥላት ሄደች። ቤት ስገባ ግርፊያ ጠብቄ ነበር፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አባቴ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሯጭ ባትቀድምም ሯጭ አስቆመች» እያለ ሲያወራ ከረመ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ቀን ያኮራኝ ልብስም ወርቅም የለም።

አሁን ሳስበው የዘንድሮ አሰልጣኝ ዕድለኛ ነው። ከጨዋታው በኋላ ማይክሮፎን ተደርድሮለት ብዙ ያወራል፤ ልጁን ለምን አስወጣኸው ሲሉት ግን ስለሚመጣው ሳምንት ይነግራቸዋል። ዋስ ጥራ የሚለው የለም። በዚያ ዘመን ጫማ አልነበረንም፤ ቃሉን የሚያከብር ዘበኛ ግን ነበረን። የሚያጽናናኝ ቬሊንግቢ ሜዳ ላይ ቃሏ ዛሬም ሰው ማስቆሟ ነው። ማሂም ትርጉሟን ካወቀች ወዲህ ለእረፍት ብቻ አትላትም። ባለፈው አንዲት ጓደኛዋ ያለ ምክንያት ስትቀየር ብላታለች፤ አሰልጣኟም መልስ ሰጥታለች።

«ታዲያ ነገሩሽ ወይ፣ ሞርሞር?» ብላኝ ነበር ማሂ ያን እሁድ ታሪኩን ስነግራት፣ ስዊድኖቹ የእናትን እናት በሚጠሩበት ስም።

ነገሩኝ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል አባ መርሻ ጋሼ በላቸውን ከፊት አስቀድመው ደጃችን ድረስ መጡ። አባቴ ግቡ ቢላቸው አባ መርሻ መጀመሪያ ዋስትናዬን ላውርድ አሉ። ጋሼ በላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንደ ትልቅ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ፈርቼ ነው» አሉኝ። «አንቺን አሰልፌ ብትወድቂ፣ የወደቀችውን ለምን አሰለፍክ ይሉኛል። አልማዝ ብትሸነፍ ግን ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ነበር። አንቺ ጠየቅሽኝ።»