ናፖሊዮን ያዘገየው ሰርግ

እስካለፈው እሑድ ድረስ ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝሁም ነበር። አንባቢዬ ሆይ፣ ትዝታዬን ሙሉ በሙሉ አይመኑት፤ እኔ ወቅቱ ክረምት ነበር እላለሁ፣ ጓደኛዬ በየነ ጸደይ ነበር ይላል። ጥፋቴን ግን አልጠራጠርም።

በየነ ፀሐይን ለማግባት ሽማግሌ መላክ ነበረበት። ያን ጊዜ በፍራንክፈርት ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ሁላችንም ጎረምሶች ነበርን። ታሪክ አጥኚ ስለሆንሁ ተናጋሪው እኔ ሆንሁ፤ ሁለት ጓደኞች ተጨመሩልኝና ጋሉስ ሰፈር ወደሚኖሩት አጎቷ፣ ወደ አቶ ግዛው ሄድን። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። እኔ ተቀመጥሁ። አቶ ግዛው የማጠናውን ጠየቁኝ፤ ናፖሊዮንን አልሁ። ለካ እሳቸውም ሰውየውን ይወዱታል።

ከዚያ ማን ያስቁመኝ? ከኮርሲካ አስነሣሁት፤ ዘውዱን በገዛ እጁ አስደፋሁት፤ ሞስኮ አስገብቼ በበረዶ መለስሁት። ቅድስት ሄለና ላይ ሲሞት አቶ ግዛው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሽትራሰንባኑ፣ የከተማው ባቡር፣ እንዳያመልጠን ተጣድፈን ስንወጣ ስለ ጋብቻው አንድ ቃል አልተነፈስሁም ነበር።

ይህ መዘንጋት ነው። ኀጢአቴ የሚቀጥለው ነው። በማግሥቱ በየነ ጊንሃይም ሰፈር እስካለው ክፍሌ ድረስ መጥቶ ምን እንዳሉ ሲጠይቀኝ፣ "ሌላ ጊዜ ተመለሱ አሉን" አልሁት። ሽማግሌን ማመላለስ ወግ ነውና አመነኝ። ጓደኞቼንም ዝም አሰኘኋቸው። ለምን ዋሸሁ? አፍሬ ነው? ወይስ አንደበተ ርቱዕ መባሉ እንዳይቀርብኝ? እኔ ዋሸሁ፤ በየነ ለወራት ተከዘ።

በኋላ ሄደን ቆሜ ጠየቅሁ፤ ወዲያው ተፈቀደ። በሰርጉ እስክንደክም ጨፈርን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ባልና ሚስቱ ያመሰግኑኛል።

እሑድ ሆኽስት ሰፈር ባለው ቤታቸው ሁሉንም ነገርኋቸው። በየነ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ፀሐይ ግን አልሳቀችም።

"እኔኮ ሽማግሌ ሳይልክ ቀረ ብዬ፣ እሱን ለመጠየቅም ኮርቼ፣ ሻንጣዬን አስሬ ነበር" አለች። "ኮሎኝ እኅቴ ጋ ልሄድ።"

"ታዲያ ምን አስቀረሽ?" አላት በየነ።

"ጋሼ ግዛው ናቸዋ። የሴት ወገን ቀድሞ አይጠይቅ ነገር! 'ፍቺው ሻንጣሽን፤ ሦስት ጎረምሳ ከረባት አስሮ ለናፖሊዮን ብሎ አይመጣም፤ ይመለሳሉ' አሉኝ።"

ያን ጊዜ እሷም ሳቀች፤ የልጅ ልጆቻቸው በጀርመንኛ ምን እንዳሳቀን እስኪጠይቁ ድረስ ሳቅን። ይቅር ብለውኛል፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ የዋልሁበትን ቀን አላስታውስም። ነገር ግን ያ ትዳር የቆመው በአጎቷ ብልኀት እንጂ በእኔ አይደለም። ፀሐይ ልብሷን እያጣጠፈች ስታለቅስ እኔ እውነቱን ይዤ ተኝቻለሁ። ምክንያት አላቀርብም።