የቤዛዊት ዳገትና የባለቤቴ ጃንጥላ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ሐኪሙም፣ የፋብሪካው ሠራተኛም፣ ተማሪውም በብስክሌት የሚሄድባት ከተማ ለመሆን የበቃችው መሬቷ እግር ስለማያደክም ነው። በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ሲታደል፣ መኪና ያለው ሰው እንኳ መኪናውን ደጁ አቁሞ ፔዳል መርገጥ ጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ ሜዳ የለመደ እግር ዳገት አያውቅም። የስፖርት ኮሚቴው ለክፍለ ሀገሩ የብስክሌት ቡድን አንድ ሰው ብቻ እንደሚጨምር፣ እርሱንም የሚመርጠው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በሚደረግ የዳገት ውድድር እንደሆነ ባስታወቀ ጊዜ ከተማው የሳቀው ስለዚህ ነበር።

እኔ አልሳቅሁም። ያንን ቦታ እፈልገው ነበር። ቡድኑ አዲስ አበባ ሄዶ ከሌሎች ክፍለ ሀገሮች ጋር ይወዳደራል፤ ባለ ማርሽ ብስክሌት የሚሰጠውም ለቡድኑ አባል ብቻ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ብስክሌት ስወድ ኖሬ፣ ባለ ማርሽ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ በኮሌጅ ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ዕድሜዬም ወደ ሠላሳ ተጠግቷል። ሌላ ምርጫ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወይ አሁን ነው፣ ወይ መቼም አይሆንም ብዬ ተነሣሁ።

አንባቢ አንድ ነገር እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እንደ ሒሳብ ቀመር የተረጋገጠ አይደለም። የትዝታዬን ቀዳዳ ስትጥፍልኝ የኖረችው ባለቤቴ ናት፤ እርሷም ብትሆን በሁሉም አትስማማኝም። በማንስማማበት ስደርስ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ችግር ልምምዱ ነበር። ወደ ቤዛዊት የሚወጣው መንገድ የሚያደርሰው ከቀድሞው ቤተ መንግሥት በር ነው፤ ዘብ ይጠብቀዋል፤ ያለ ፈቃድ አያስወጣም። ለውድድሩ ቀን ብቻ እንደሚከፈት ተነገረን። በዙሪያችን ያለው ሌላው መሬት እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ነው። እንግዲህ ዳገት የሌለበት ሰው ለዳገት እንዴት ይዘጋጃል? ጥያቄው ያስደስተኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንብኝም፤ መፍትሔ እንዳለው እርግጠኛ ነበርሁና።

መፍትሔው የመጣው ከባለቤቴ ጃንጥላ ነው። ነርስ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያው ወጥታ በቻይና ብስክሌቴ የዕቃ መጫኛ ላይ በጎን ትቀመጥና፣ ወደ ሐይቁ በሚያመራው ጎዳና ይዣት ወደ ቤት እመለሳለሁ። በዚያ ሰዓት ጣና ይነፍሳል። አንድ ቀን ፀሐዩ በረታባትና ጃንጥላዋን ዘረጋች፤ ብስክሌቱ ከኋላ በገመድ የተያዘ ያህል ከበደ።

«ባጥፈው ይሻላል መሰለኝ፤ ልትሞትብኝ ነው» አለችኝ።

«እንዳታጥፊው! ይልቅ ከራሴ በላይ አድርገሽ ወደ ፊት አዙሪው።»

«ለምን?»

«ዳገት አገኘሁ።»

«አንተ ሰው፣ አስተማሪ ነው ብለው እኮ ነው የዳሩኝ» አለች፤ ጃንጥላውን ግን አዞረችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ፣ ባለቤቴን ከኋላ ጭኜ፣ ጃንጥላ ከራሴ በላይ ተዘርግቶ እንደ ሸራ እየተነፋ ያንን ጎዳና እመላለስ ጀመር። በሻይ ቤቶቹ በረንዳ የተቀመጠው ሰው ትርኢቱን ሊያይ ወንበሩን ወደ መንገዱ አዞረ። «መምህር፣ ደልጊ ስትደርስ ሰላም በልልን!» ይለኛል አንዱ። «ኧረ ተዉት፣ መልሕቁን መጣል ረስቶ ነው!» ይላል ሌላው። ባለቤቴ ከኋላዬ ሆና፣ «እናንተ ደግሞ ሻያችሁ ቀዘቀዘ፤ ጠጡ!» እያለች ትመልስላቸዋለች።

ደልጊን ያነሡት በከንቱ አልነበረም፤ የባለቤቴ ትውልድ ከዚያ፣ ከሐይቁ ማዶ ነው። አባቷ እህል በታንኳ ጭነው ሐይቁን የሚያቋርጡ ሰው ስለነበሩ፣ እርሷም ያደገችው ከደንገል ቄጠማ በተሠራ ታንኳ ላይ ነው። በታንኳ ላይ ልጅ የሚማረው የመጀመሪያው ሕግ ሸክም ባለበት አለመቆም ነው፤ የቆመ ራሱንም ጭነቱንም ይገለብጣል። እኔ ደግሞ ነፋሱ ሲጠናብኝ ከመቀመጫው ተነሥቼ በሙሉ ክብደቴ ፔዳሉን እረግጣለሁ፤ ብስክሌቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ያን ጊዜ ጀርባዬን በመዳፏ ትመታኝና፣ «ተቀመጥ!» ትላለች። እቀመጣለሁ። በቂጤ ላይ ሆኜ፣ ወገቤን አጽንቼ፣ ረጋ ብዬ መግፋትን የተማርሁት በዚህ መንገድ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ያስተማረችኝ አይመስለኝም ነበር፤ ፈሪ ናት እል ነበር።

ከተወዳዳሪዎቹ መካከል በእውነት የሚያሰጋኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መካኒክ የሆነ የአሥመራ ልጅ። እንዋደዳለን፣ እንተራረባለን። ከውድድሩ በፊት በነበረው ሳምንት ሻይ ቤት አገኘኝና፣ ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«መምህር፣ እሁድ ሚስትህን ጭነህ ነው የምትወጣው?» አለኝ።

«ባዶዬን ከወጣሁማ አንተን ማሳፈር ይሆንብኛል።»

«እኔ የተወለድኩት ዳገት ላይ ነው! እናንተ ዳገት የምትሉት የዓባይን ድልድይ ጉብታ ነው።»

«ዳገት ላይ የተወለደ ሰው ሥራ ፍለጋ ወደ ሜዳ አይወርድም ነበር» አልሁት። ሻይ ቤቱ ሳቀ፤ እርሱም ከሁሉ አብልጦ ሳቀና የሻዬን ስኳር አማሰለልኝ። ሆኖም ዓይኑን አይቼ ነበር። ያንን ቦታ እንደ እኔው አጥብቆ ይፈልገዋል።

ውድድሩ ክረምቱ እንደወጣ በአንድ እሁድ ጠዋት ሆነ። ከድልድዩ ማዶ ተሰልፈን ቆምን። ሁላችንም ማርሽ የሌለው ከባድ ብስክሌት ነው የያዝነው። አንድ የኮሚቴ ጓድ ስለ ስፖርትና ስለ ምርት ሰፊ ንግግር አደረጉ፤ ፀሐዩ ከፍ አለ። ዳኛችን የቀድሞ የስፖርት መምህር የነበሩ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ነጩን ባንዲራ እንደያዙ ወደ እኛ ጠጋ ብለው፣ «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ዳገቱ ከዚህ ንግግር አይረዝምም» አሉን በሹክሹክታ። ይህን ማለታቸውን እርግጠኛ ነኝ፤ ሳቄን ስይዝ ያመመኝ ጎኔ ምስክሬ ነው።

ባንዲራው ወረደ። በመጀመሪያው ሜዳማ ቦታ ከፊት ሆንሁ። ያለ ባለቤቴና ያለ ጃንጥላው ብስክሌቱ ላባ ሆኖብኝ ነበር፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ዳገቱ ሲጀምርም ከኋላዬ ያሉት አንድ በአንድ ወርደው ብስክሌታቸውን መግፋት ጀመሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የምሰማው የአንድ ሰው ብስክሌት ካቴና ድምፅ ብቻ ሆነ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ማለት አላስፈለገኝም።

በመካከለኛው ኩርባ አለፈኝ። «ሰላም ነው መምህር?» አለኝ እያለፈ፤ ትንፋሽ ተርፎት! ደሜ ፈላ። ከመቀመጫው ተነሥቼ በሙሉ ክብደቴ ረገጥሁ። በዚህ ጊዜ አንድም ቀን ያልገጠመኝ ነገር ገጠመኝ። የኋላ ጎማዬ ባለበት ሆኖ ዞረ። ክረምቱ መንገዱን አጥቦት ልቅ ጠጠር ትቶበት ነበር። በልምምዱ ወራት ሁሉ የባለቤቴ ክብደት የኋላውን ጎማ መሬት አስነክሶት ይኖር ነበር፤ እኔ ሳላውቀው በእርሷ ክብደት ተማምኜ ነበር የምነሣው። አሁን ከኋላዬ ማንም የለም። ደግሜ ረገጥሁ፤ ጎማው ደግሞ ዞረ፤ ጠጠሩ ወደ ኋላ ተረጨ። ሰውየው ራቀ። አዲስ አበባም፣ ባለ ማርሹም ብስክሌት ከእርሱ ጋር ወደ ላይ ሲሄዱ አየሁ።

እንግዲህ የማንስማማበት ይህ ነው። እኔ እንደማስታውሰው ባለቤቴ በዚያ ኩርባ ላይ፣ ከግራር ሥር፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ ቆማ ነበር፤ «ተቀመጥ!» ብላም ጮኸችብኝ። እርሷ ግን ዘቦቹ ተመልካች ከግርጌው አላሳለፉም ትላለች፤ ድልድዩ አጠገብ ነበርሁ፣ ጃንጥላም አልያዝሁም ትላለች። መካኒኩን ከዓመታት በኋላ ጠይቄው፣ «ማንም አልነበረም መምህር። እኔ የሰማሁት ያንተን ማለክለክ ብቻ ነው» አለኝ። ሁለት ለአንድ ተረትቻለሁ። ቢሆንም ጀርባዬ ላይ መዳፍ አርፎ እንደነበር ዛሬም ይሰማኛል።

ተቀመጥሁ። ወደ መቀመጫው ጠርዝ ወደ ኋላ ሸሸሁ፣ ወገቤን አጸናሁ፣ ነፋስ ፊት ለፊት እንደያዝሁ አድርጌ ረጋ ብዬ ገፋሁ። ጎማው ነከሰ። ከዚያ በኋላ ፍርሃት አልነበረብኝም። ያንን አገፋፍ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ የከበደ ሸክም ስገፋ ከርሜያለሁ። መካኒኩ ከፊቴ ፔዳሉ ላይ ቆሞ ይረግጥ ነበር፤ ከላይ ባለው ቀጥ ያለ ዳገት የእርሱም ጎማ ጠጠሩ ላይ መዞር ጀመረ። ሲረግጥ ይዞራል፣ ሲዞር ይረግጣል። ተቀምጬ ደረስሁበት፤ ተቀምጬ አለፍሁት። ዘቦቹ ከቆሙበት በር ፊት ለፊት በአንድ ብስክሌት ርዝመት ቀደምሁት። እርሱ መሬት ላይ ተዘርሮ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «ሚስትህን ጭነህ ነው የወጣኸው፤ አይቻታለሁ» አለኝ። ቀልዱ ነው፤ በማስረጃነት አላቀርበውም።

ቦታው የእኔ ሆነ። ሽማግሌው ዳኛ ራሳቸው ባለ ማርሹን ብስክሌት እየገፉ አምጥተው አስረከቡኝ። ቤት አድርሼ ለባለቤቴ ባሳየኋት ጊዜ ዞር ዞር ብላ መረመረችው፤ ቀጭን ጎማውን በጣቷ ጫን አደረገችው። የዕቃ መጫኛ አልነበረውም።

«እኔ የት ልቀመጥ?» አለችኝ።

«ይኼ የውድድር ነው፤ ሰው አይጫንበትም።»

«ታዲያ ማን ተቀመጥ ይልሃል?»

የቻይና ብስክሌቴን ለእርሷ ተውሁላት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ በባለ ማርሹ ላይ ሆኜ ወደ ሐይቁ ነፋስ ስገሠግስ፣ እርሷ ጃንጥላዋን ከዕቃ መጫኛው ላይ አስራ፣ በራሷ እግር እየረገጠች ትከተለኝ ነበር። ነፋሱ በርትቶብኝ ከመቀመጫው በተነሣሁ ቁጥር «ተቀመጥ!» የሚለው ድምፅዋ ከኋላዬ ይመጣል፤ የሻይ ቤቱ ሰዎችም ከበረንዳው ሆነው ይቀበሏታል። ይህኛውን በእርግጥ አስታውሳለሁ፤ እርሷም አትክደውም።