የሁለት ሴንቲ ሜትር ውሸት

መኪናዋን የገዛኋት ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ባለ ሁለት በር፣ የጃፓን ሥሪት፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ተዳፍቶ የሚወርድ ስፖርት መኪና ናት። የቀድሞ ባለቤቷ ባሕር ዳር የሚኖር መሐንዲስ ነበር፤ ሦስተኛ ልጅ ሲወልድ የኋላ ወንበሯ አልበቃ ብሎት ሸጠልኝ። በዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ እንደሷ ያለ መኪና አልነበረም። ከባጃጁ፣ ከሚኒባሱና ከመሥሪያ ቤት ፒካፑ መሀል ሳቆማት ሰው ዞር ዞር እያለ ያያትና "የኋላ በሯ የታለ?" ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።

የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። የምኖረው ከአባቴ ጋር ነበር፤ እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት አልፏት ነበር። አባቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጎረቤት "ደግሞ ለሴት ልጅ መሪ ታስጨብጣለህ?" ሲላቸው እንዳልሰሙ ሆነው አለፉ። ለእሳቸው የመኪና ጥሩነት የሚለካው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሆዷ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ። "መኪና እንደ በቅሎ ነው፤ መጀመሪያ እግሩን እይ" ይሉ ነበር።

መኪናዋን ዝቅ ላደርጋት እንደምፈልግ ስነግራቸው በትክክል የሰሙ አልመሰላቸውም።

"ከፍ ነው ያልሽ?"

"አይ አባባ፣ ዝቅ።"

"ምን ሆና?"

"ምንም አልሆነች። በጎማዋና በፓራፋንጎዋ መሀል ያለው ክፍተት ደስ አይለኝም። ሞላዋን በአጭር ሞላ እቀይረዋለሁ። ቸርኬዋንም እቀይራለሁ።"

"ለምኑ ብለሽ?"

"ያምራል።"

ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሬዲዮናቸው ተመለሱ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ምክንያት አልነበረኝም። እስከዚያ ድረስ የገዛሁት ነገር ሁሉ ለአንድ ጉዳይ የሚያስፈልግ ነበር፤ ለማማሩ ብቻ የገዛሁት ዕቃ አልነበረም።

መካኒኩ ገበያው አጠገብ ጋራዥ ያለው፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ጥንቁቅ ሰው ነው። እሱ ዘንድ የሚመጣው ሁሉ መኪናውን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ነው፤ መኪናውን ከሚሸከመው ጥምዝምዝ ብረት፣ ከሞላው ሥር፣ ወፍራም ላስቲክ ያስገባለታል። ዝቅ አድርግልኝ ያልኩት የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። ትንሽ ሳቀና ከዚያ በቁም ነገር ያዘው።

"አንዳንዱ ሞላውን በመቁረጫ ይቆርጠዋል። እኔ አልቆርጥም" አለኝ። "የተቆረጠ ሞላ ቦታውን ይለቃል፤ መኪናዋም እንደ ጋሪ ትዘላለች። ሲሠራ አጭር ሆኖ የተሠራውን አስመጪ።"

አዲስ አበባ ያለ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ፎቶ በስልክ ላከልኝ። ሁለት ዓይነት ሞላ ነበረው፤ አንዱ መኪናዋን ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ፣ ሌላው አምስት። ቸርኬም በሁለት ዓይነት አቀረበልኝ፤ አሥራ አምስት ቁጥሩ ብርማ፣ አሥራ ሰባት ቁጥሩ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ከመሀሉ የሚወጡ አምስት ሰፋፊ ጣቶች ያሉት።

ፎቶዎቹን ማታ ማታ ሳገላብጥ አባቴ ከወዲያ ሆነው ያዩኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ወጡና ምሳ ካለፈ በኋላ ተመለሱ። ከዘራው ላይ በቢላ የተቀረጹ አራት አዲስ ምልክቶች ነበሩ።

"ከቤት እስከ መድኃኒት ቤትሽ የመኪና ፍጥነት ለማብረድ የተሠራ አራት ጉብታ አለ" አሉኝ። "ሦስቱ ጨዋ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ፊት ያለውን የሠራው ሰው ግን መኪና የለውም። ሦስት ሴንቲ ብትወርጂ ለጥቂት ታልፊያለሽ። አምስት ከወረድሽ ሆዷን ይፈትገዋል።"

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን ተቀበሉኝ። "አሥራ ሰባቱ ጎማው ስስ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ስትገቢ ድንጋዩ ቸርኬውን ያገኘዋል። አሥራ አምስቱ ይሻላል።" ትንሽ ቆይተው ግን "ቀለሙ የዚያኛው ነው የሚያምረው" አሉ። ያንን ቃል ከአፋቸው ስሰማ ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ የሁለታችን ሆነ። ነጋዴውን አሥራ ስድስት ቁጥር፣ በጥቁር ግራጫ፣ ባለ አምስት ጣት እንዲፈልግልን ጠየቅነው። መካኒኩ የቡሎኖቹን ርቀት ለካልን፤ ቸርኬው ከፓራፋንጎው ወጥቶ ጎማው እንዳይታሽም ጥልቀቱን አሰላልን። አባቴ እራት ላይ ስለ ጎማ ትከሻ፣ ስለ አሞርቲዘር፣ በወጣትነታቸው ቁልቁለት ላይ ስለፈነዳባቸው ጎማ ያወሩ ነበር። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንደዚያ አውርተን አናውቅም።

ሞላው ከመታዘዙ በፊት መካኒኩ አንድ ነገር አሰበልኝ። "ሳታይው አትግዢ" አለና መኪናዋ ላይ የስሚንቶ ከረጢት መጫን ጀመረ። ሦስት ሴንቲ ስትወርድ አቆመ። መንገዱን ተሻግሬ አየኋት። ጥሩ ነበረች። ከዚያ ሌሎች ከረጢቶች ጨመረ፤ አምስት ሴንቲ ወረደች። ክፍተቱ ጠፋ። መኪናዋ መሬቱ ላይ የተሣለች መሰለች። ከዚያ በኋላ የሦስቱን ማሰብ አልቻልኩም።

አምስቱን አዘዝኩ። ለአባቴ ሦስት ነው አልኳቸው።

መካኒኩንም እንዳይነግርብኝ ለመንኩት። ፊቱን ቅጭም አደረገ። "ካልጠየቁኝ አልናገርም" አለኝ፤ "ከጠየቁኝ ግን አባትሽን አልዋሽም።"

ዕቃው መጥቶ ሥራው አንድ ቀን ተኩል ወሰደ። አባቴ ጋራዡ ድረስ መጥተው ሁለት ጊዜ ዞሯት። እጃቸውን በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ጣታቸው ብቻ ገባ።

"ሦስት ሴንቲ ለካ ብዙ ነው" አሉ።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ውስጥ ገባ።

አብረን ተሳፈርን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጉብታዎች በሰያፍ እየወጣሁ አለፍኳቸው። ትምህርት ቤቱ ፊት ስንደርስ አባቴ "እዚህ ታልፊያለሽ፤ ለክቼዋለሁ" አሉኝ። ጉብታው ላይ ወጣሁ። የፊት ጎማዎቹ ወረዱና ከሥራችን ብረት ሲፋቅ ተሰማ።

"አቁሚ" አሉ።

ወርደው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። ተማሪዎች ከአጥሩ ውስጥ ያዩን ነበር። ሥሯን አይተው፣ ከዘራውን አስገብተው፣ እንደገና አይተው ተነሡ። ጉልበታቸውን አላራገፉም።

"ስንት ነው?"

"አምስት" አልኩ።

በሩን በቀስታ ዘግተው ባጃጅ ጠሩና ወደ ቤት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ስለ መኪናዋ አላነሡም። ስለ ሌላው ሁሉ ያወሩኛል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ ዋጋ፣ ስለ ሰፈሩ ለቅሶ። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ መኪናዋም የገዛ ገንዘቤ ናት እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር። ሁለቱም ልክ ነው፤ ሁለቱም ግን ከዋሸሁት ነገር ጋር አይገናኝም።

ክረምቱ ሲወጣ የአባቴ ዳሌ ያማቸው ጀመር። እንደ ልማዳቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊዘፈዘፉ ፈለጉ። በሚኒባስ ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጠዋት ፎጣቸውን ይዘው መኪናዋ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

"ሚኒባስ ውስጥ እግሬ አይዘረጋም። የዚች የፊት ወንበር ግን ይዘረጋል" አሉ።

"መንገዱስ አባባ?"

"መንገዱን ለኔ ተዪው።"

እስከ ሐሙሲት አስፋልት ስለሆነ ችግር አልነበረም። የፎገራ ሩዝ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። አባቴ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍተው እግራቸውን ዘርግተው ተኝተው ሄዱ። ከሐሙሲት ወደ ወንዛዬ ስንታጠፍ ግን ኮረኮንቹ ጀመረ። ክረምቱ መንገዱን በልቶት፣ በሁለቱ የጎማ ፈለጎች መሀል እንደ ድንበር ያለ ጉብታ ትቶ ነበር። መቶ ሜትር ያህል እንደሄድን አባቴ አቁሚ አሉና ወረዱ።

መኪናዋን ቀድመው መራመድ ጀመሩ። እያነከሱ አሥር እርምጃ ይሄዳሉ፣ ዞር ይላሉ፣ እጃቸውን ያነሣሉ። "የግራ ጎማሽን ጉብታው ላይ አውጪ! ቀኙ በዳር ይሂድ። ቀስ። መሪውን አትጠምዝዢ፤ ቀስ አልኩሽ!" ሜዳ ሲሆን ይገባሉ፣ ሲከፋ ይወርዳሉ። ይግቡ፣ ይብቃዎት፣ እንመለስ ብዬ ለመንኳቸው። "አንቺ እጄን እይ" ብቻ ነበር መልሳቸው።

አህያ ጭኖ ከገበያ የሚመለስ አንድ ገበሬ ቆሞ አየን።

"አባቴ፣ መኪናዋ ምን ሆና ነው? ታማ ነው?"

"አልታመመችም፤ አጭር ናት" አሉት። "ልጄ ናት ያሳጠረቻት። አምሮባታል አይደል?"

ገበሬው ጎንበስ ብሎ ተመለከታት። "አምሮባታል" አለ። "መሬቱን ግን አላማከራችሁትም።"

አባቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ገበሬው አህያውን ወደ ፊት ለቆ፣ ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን እየሄደ ድንጋይ ያነሣልን ጀመር። እስከ ሰፈሩ መታጠፊያ ድረስ አብሮን መጣ። ወንዛዬ የደረስነው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ መኪናዋን አንድ ድንጋይ ብቻ ነካት፤ እሱም እኔ እጃቸውን ሳላይ የሄድኩበት ነው።

አባቴ ከወንዶቹ ጋር ተዘፍዝፈው፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወጡ። ዛፍ ጥላ ሥር አጠገቤ ተቀመጡ።

"ለምን ሦስት ነው አልሽኝ?"

"አይሆንም እንዳይሉኝ።"

"አይሆንም እል ነበር። ከዚያስ? እምቢ ብለሽ ብትገዢው ምን አደርግሽ ነበር?"

አሰብኩ። "ምንም።"

"ምንም። ዓመት ሙሉ እነዘንዝሽ ነበር እንጂ።" ጫማቸውን ማሠር ጀመሩ። "ግማሽ ቀን ከተማውን ዞሬ ለካሁልሽ። ያ ነው የከፋኝ። ልኬቱን ስሰጥሽ ሌላ ነገር አዝዘሽ፣ ልክ ነዎት አልሽኝ።"

"ይቅርታ አባባ።"

"እሺ" አሉ፤ ማሠሪያውን ጨርሰው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ወንዛዬ በዚያችው መኪና ተመላልሰናል። ሁልጊዜ እሳቸው ከፊት እየሄዱ። መካኒኩ አንድ ቀን የድሮውን ሞላ ልመልስልሽ ሲለኝ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ "ተዪው፤ እኔ ለምጄዋለሁ" አሉ።

በሦስተኛው ዓመት ጾመ ፍልሰታ ሲገባ አረፉ። ከዚያ በኋላ መኪናዋን አንድ ዓመት ያህል ነዳኋት፤ ከአስፋልት ወጥቼ ግን አላውቅም። ኋላ ገጠር ካሉ ጤና ጣቢያዎች ጋር የሚያገናኝ ሥራ ስጀምር ለባሕር ዳር አንድ ወጣት ሐኪም ሸጥኳት። ከሳምንት በኋላ ደውሎ የመጀመሪያዎቹ ሞላዎች አሉሽ ወይ አለኝ። ዕቃ ቤት ውስጥ ፈልጌ አገኘኋቸው፤ ዝገታቸውን በናፍጣ አጥቤ፣ በጆንያ ቋጥሬ መናኸሪያ ወሰድኳቸው። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ረዳት ምን እንደሆኑ ጠየቀኝና ጣሪያው ላይ፣ ከዶሮዎቹ ጎን ጫናቸው።