አባቴ የነገሠበት ምሽት

ከቤቴ ፊት ለፊት በቅርቡ አንድ ኬክ ቤት ተከፍቷል። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት፣ ከዱቄት ጋር ምድጃ ውስጥ የሚበስል የለጋ ቅቤ ሽታ መንገዱን ተሻግሮ ይገባና፣ የያዝሁትን ሥራ አስቀምጬ ጥቂት እቆማለሁ። ቅቤ በደብረ ማርቆስ ብርቅ አይደለም፤ በኮረሪማና በኮሰረት ሲነጠር እያሸተትሁ ነው ያደግሁት። ይህኛው ግን ቅመም የለበትም፤ ለስለስ ያለ፣ ጣፋጭ፣ እንግዳ ሽታ ነው። መጀመሪያ ያሸተትሁት በልጅነቴ፣ በአንድ የጥር ምሽት፣ አባቴ ከሌሎች ትልልቅ ሰዎች ጋር ፈረንሳይኛ ይማርበት በነበረው ክፍል ውስጥ ነው።

አባቴ፣ አቶ አስማረ፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። በዚያ ዘመን ፖስታ ቤት ከውጭ አገር ጋር የሚሠራው በፈረንሳይኛ ስለ ነበር፣ አባቴ ትርጉማቸውን የማያውቃቸውን ቃላት ዓመታት ሙሉ በማኅተም ሲመታ ኖሮ ነበር። መስከረም ላይ፣ መንገዱ ገና ከክረምቱ ጭቃ ሳይደርቅ፣ አንድሬ የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ በትምህርት ቤት ሊያስተምር መጣና፣ ማታ ማታ ለመንግሥት ሠራተኞች ቋንቋውን በነፃ እንደሚያስተምር ተነገረ። ከተማው በሙሉ፣ እንደ ፈረንሳዮቹ አጠራር፣ «ሙሴ አንድሬ» ይለው ነበር። አባቴም ጠጉሩ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ ደብተር በብብቱ ይዞ ተማሪ ሆነ።

ጥቅምትና ኅዳር አዝመራው ሲሰበሰብ፣ አባቴ ከሥራ ተመልሶ ግቢያችን ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ፣ «ኧን፣ ደ፣ ትሯ» እያለ ያነበንብ ነበር። እናቴ ከደጃፍ ቆማ ታዳምጠውና፣

«ኧረ አንቱ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ጎረቤት ድግምት ይመስለዋል» ትለው ነበር።

«ቁጥር ነው የምቆጥረው።»

«እሱንማ እኔ አውቃለሁ። አጥር ለአጥር የሚያዳምጡት ናቸው የማያውቁት።»

አንዳንድ ቀን ዩሱፍ የሚባል የስልክ ቤት ሠራተኛ አብሮት ይመጣ ነበር። ዩሱፍ ከድሬዳዋ ተዛውሮ የመጣ ሳቂታ ሰው ሲሆን፣ ፈረንሳይኛን ከባቡር ሠራተኞች መካከል ሲያድግ የለመደው ስለ ነበር፣ ክፍሉ ውስጥ አስተርጓሚው እሱ ነበር። አባቴ ቃሉን ሲሳሳት ዩሱፍ ይስቅበታል፤ አባቴም ይስቃል። አባቴ በሰው ፊት ሲስቅ የማየው በዚያ ብቻ ነበር።

ይህንን የምለው አባቴ ቃሉን የሚቆጥብ ሰው ስለ ነበር ነው። ምክንያት ነበረው። ደብረ ማርቆስ በአንድ ወቅት የራሷ ንጉሥ የነበራት ከተማ ናት፤ ሽማግሌዎቹ ያንን ዘመን ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። በእኛ ልጅነት ንጉሥ አንድ ብቻ ነበር፤ ሥዕሉም በየቢሮውና በየክፍሉ ተሰቅሎ ነበር። በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ግራዝማች አየነው የሚባሉ ሹም ነበሩ። አንድ አስተማሪ በሠርግ ላይ ስለ ሹመት ቀልዶ እሳቸው ሰምተው፣ ሰውየው ከነቤተሰቡ ወደ ቆላ ተዛውሮ ነበርና፣ ሰዎች «ግራዝማች የሰሙት ነገር አያድርም» ይሉ ነበር። አባቴም ግራዝማች ባሉበት ሰላምታ ሰጥቶ ዝም ይል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሙሴ አንድሬ ለተማሪዎቹ የአገሩን በዓል ሊያሳይ አሰበ። ቀኑ ግን ከእኛ የገና ዋዜማ ጋር ገጠመ፤ ቅቤና እንቁላል ያለበት ምግብ በጾም ማን ይቀምሳል? ይህንን ለሙሴ ያስረዳው ዩሱፍ ነው። «እኔ እስላሙ የእናንተን ጾም ለፈረንጅ ሳስተምር ዋልሁ» እያለ አባቴን ሲያስቀው ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ድግሱ ጥምቀት እስኪያልፍ ቆየ፤ «ባለቤቶቻችሁንና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ» ተባለ፤ ግራዝማችም የክብር እንግዳ ሆነው ተጠሩ።

እናቴ መሄዱን አልወደደችውም ነበር። «ፈረንጅ ፊት ምን ብዬ ነው የምጎርሰው?» አለች። ሆኖም የጥምቀት ቀሚሷን አውጥታ ለበሰች፤ እኔንም አጥባ፣ ጠጉሬን በቅቤ አለስልሳ ወሰደችኝ።

በሩን ስናልፍ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሁለት የማሾ መብራት ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ክፍሉን ቀን አስመስሎታል። ጠረጴዛዎቹ ተገጣጥመው በአንድ ነጭ ጨርቅ ተሸፍነዋል። ጥግ ላይ አንድ የሸክላ ማጫወቻ ቆሞ፣ አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ታዜማለች፤ ሴትዮዋ ሣጥኑ ውስጥ የለችም፤ ይህንን ዞሬ አረጋግጫለሁ። ከሁሉም በላይ ያ ሽታ ነበር። ሙሴ በከተማው ዳቦ ቤት ምድጃ፣ በጎጃም ለጋ ቅቤ፣ የተወቀጠ ለውዝ በመካከሉ አድርጎ የጋገረው ክብ ዳቦ ጠረጴዛው መካከል ተቀምጦ፣ ገጹ እንደ ወርቅ ያበራ ነበር። አጠገቡ ከወርቃማ ወረቀት የተሠራ ዘውድ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በሰው እጅ ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና፣ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ሙሴ ተነሥቶ ልማዱን ነገረን፤ ዩሱፍ ተረጎመ። ዳቦው ውስጥ አንድ ባቄላ ተደብቋል፤ ባቄላው የደረሰው ሰው ዘውዱን ደፍቶ ለዚያ ምሽት ንጉሥ ይሆናል።

ሁለት ሦስት ሰዎች ግድግዳው ላይ ወዳለው የንጉሡ ሥዕል ተመለከቱ። ሙሴ ያልገባቸው መስሎት እየሳቀ ሌላ ነገር ጨመረ። ዩሱፍ ላቡን ጠረገ፤ ከዚያም፣

«በአገሩ የነበሩት ንጉሥ ዐርፈዋል ነው የሚለው» አለ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ግራዝማች። «ነፍስ ይማር» አልን ሁላችንም። ሙሴ ቀልዱ ለምን እንዳላሳቀ ሳይገባው ግራ ተጋብቶ ቆመ። የተናገረው «እኛ የንጉሣችንን አንገት ስለ ቆረጥን፣ በየዓመቱ ከዳቦ ውስጥ አዲስ እናወጣለን» የሚል እንደ ነበር ዩሱፍ ለአባቴ የነገረው ከቀናት በኋላ ነው።

ከልጆቹ ትንሿ እኔ ነበርሁ፤ በልማዱ መሠረት አድልዎ እንዳይኖር ጠረጴዛው ሥር ገብቼ፣ ሙሴ ዳቦውን እየቆረሰ «ፑር ኪ?»፣ ማለትም ለማን፣ ሲል፣ የሚደርሰውን ሰው ስም ሳላይ መጥራት ነበረብኝ። እናቴ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣

«የሺ፣ መጀመሪያ ግራዝማችን፣ ከዚያ እንግዶቹን፤ የራስሽን ሰው መጨረሻ። እንዳታሳፍሪኝ» አለችኝ።

እንዳዘዘችኝ አደረግሁ። ጨርቁ እስከ ወለሉ ወርዶ ስለ ነበር የማየው የሰው እግር ብቻ ነው፤ የግራዝማች ቡት፣ የዩሱፍ የተወለወለ ጫማ፣ የእናቴ ሸራ። ከላይ የሚበላ ሳይሆን የሚፈትሽ ሰው ድምፅ ነበር የሚሰማኝ። እናቴ ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ዳቦውን በጣታቸው እየጫኑ፣ በጥርሳቸው ጫፍ እየነከሱ ነበር የሚቀምሱት። ዩሱፍ ጨርሶ «አልሐምዱሊላህ» አለ። አንዳንዶቹ «ጠግቤአለሁ» ብለው ሳይነኩት ገፋ አደረጉት። የመጨረሻውን ቁራሽ «ለአባባ» አልሁ።

ጥቂት ቆይቶ የአባቴ እጅ ከጠረጴዛው በታች ወረደና ጉልበቱ ላይ ዐረፈ። ጭብጥ ብሎ ነበር። ጣቶቹ ሲላሉ ባቄላውን አየሁት፤ ወዲያው መልሶ ጨበጠው።

ከላይ ሙሴ ይጠይቃል፤ ማንም አይመልስም። እንደገና ጠየቀ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ፤ ዩሱፍም፣ «ባቄላውን ሳልጨምረው ረስቼ ይሆናል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ ይላል። እናቱ ከልጅነቱ ጀምሮ የምትጋግርለት ዳቦ ነው፤ ከቤቱ ርቆ በዓሉን ሲያከብር የመጀመሪያው ነው ይላል» ብሎ ተረጎመ። የሙሴ እግሮች ወደ ጠረጴዛው መካከል ሄዱ፤ ዘውዱን ሊያነሣው እንደሆነ ገባኝ። የአባቴ ጭብጥ ወደ ኪሱ ሄደና ተመልሶ ጉልበቱ ላይ ዐረፈ። አባቴ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የሚፈራም አይመስለኝም ነበር።

እጁ ከዓይኔ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ።

«ሴ ሙዋ» አለ የአባቴ ድምፅ። እኔ ነኝ ማለቱ ነው።

ጠረጴዛው ሥር ያለው እግር ሁሉ ባለበት ቆመ።

እየተሳብሁ ስወጣ ሙሴ በደስታ ፊቱ ቀልቶ ዘውዱን በአባቴ ራስ ላይ ሲደፋ ደረስሁ። ከዚያም ሌላ ሕግ ነገረን፤ ንጉሡ በጠጣ ቁጥር ሁሉም «ንጉሡ ጠጡ!» ብሎ ይጮኻል።

«ጮክ ብለን?» አለ አንዱ።

«ጮክ ብለን» አለ ዩሱፍ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

አባቴ አልጠጣም። ጠጁ በብርሌ ተሞልቶ ፊቱ ተቀምጧል፤ እሱ ዘውዱን ደፍቶ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሸክላው ተቀየረ። ተማሪዎች እየተነሡ ያጠኑትን አሰሙ። እሱ ግን ከንፈሩን እንኳ አላራሰም። የሚገርመው ሌላ ሰውም አልጠጣም። ንጉሥ ብለው ሊጠሩት እየፈሩ፣ ንጉሥ ሳይቀምስ ብርሌ ማንሣት ነውር ሆነባቸው። ቅቤው የበዛ ዳቦ በልተው ሁሉም ተጠምተዋል። ግራዝማች ብርሌያቸውን አነሡ፤ አባቴን አዩት፤ መልሰው አስቀመጡት። ለሁለተኛ ጊዜ አነሥተው ሲያስቀምጡ፣ ምን እያደረጉ እንደሆነ ለራሳቸውም የገባቸው መሰለኝ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አስማረ!» አሉ።

«አቤት ግራዝማች!» ብሎ አባቴ ከነዘውዱ ብድግ አለ።

«ቁጭ በል፤ ምን ያስነሣሃል። ጠጣ እንጂ! በጥም ልትፈጀን ነው እንዴ? ደግሞ እንዲህ ተኮፍሰህ ከቆየህ የምር ይመስላል።»

አባቴ ተቀምጦ ብርሌውን በሁለት እጁ አነሣና ጠጣ። የሚጮኽ ጠፋ። ሙሴ እጁን ወደ ላይ እንደ ያዘ ይጠብቃል፤ ሰው ሁሉ የግራዝማችን ፊት ያያል። ያኔ፣ ምሽቱን ሙሉ ነጠላዋን ከአፏ ያላወረደችው እናቴ እልል አለች። ፈረንሳይኛ አታውቅም፤ ባሏ ዘውድ ደፍቶ ሲጠጣ የሚባለውን ግን ታውቃለች። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሏት፤ ወንዶቹም ሙሴ እንዳስተማራቸው ጮኹ፤ ግራዝማች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ የማሾው ብርሃን የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። እኔ በዓይኔ የማየው ሰው አባቴ መሆኑን እየተጠራጠርሁ ቆሜ አየሁት። ዘውዱ የወረቀት እንደሆነ አውቃለሁ። ያማረበትም በዘውዱ አልነበረም።

ስንወጣ አባቴ ዘውዱን አውልቆ ለሙሴ መለሰለት። ከዚያ በኋላ በራችን በተንኳኳ ቁጥር እናቴ ቀድማ ትነሣ ነበር፤ የካቲት እንዲህ አለፈ፤ መጋቢትም አለፈ። ሚያዝያ ላይ አባቴ ወደ ደብረ ወርቅ ተዛወረ።

እናቴ «ዘውዱ ነው» አለች። አባቴ «የሰው እጥረት ነው» አለ። ማን ልክ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግራዝማች ያን ምሽት የሳቁት ከልባቸው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ግን ያን ምሽት የነበሩት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ዕቃችን በጭነት መኪና ሲጫን ሙሴ ሊሸኘን መጣ፤ አባቴን ጉንጩን ሳመው፤ በፈረንሳይኛ «ለምን ትሄዳለህ?» ብሎ ጠየቀው። አባቴም በሚችለው ፈረንሳይኛ «የሰው እጥረት ነው» ብሎ መልሶ፣ ወደ ዩሱፍ ዞረና በአማርኛ፣ «አደራህን፣ ስለ ዘውዱ የሚወራውን እንዳትነግረው» አለው።

ያን ክረምት በደብረ ወርቅ ዝናቡ ሳያቋርጥ ወረደ። ቤታችን ጠባብ፣ ጣሪያው የሚያንጠባጥብ ነበር። ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው ስለሌለ አባቴ ማታ ማታ ብቻውን ይቆጥር ነበር፤ እናቴም ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ ማለቷን ተወችው።

አባቴ አርጅቶ፣ እኔም ልጆች ወልጄ ሳለሁ፣ ያን ቀን ባቄላውን ለምን እንዳልዋጠው አንድ ጊዜ ጠየቅሁት።

«እዚያ ቤት እንግዳው እሱ ነበር» አለኝ። «እናቱ ያስተማረችውን ጋግሮ አብልቶን፣ አዝኖ ሲቀመጥ ዝም ብዬ ላየው ነበር?»

ዘንድሮ ጥር ላይ የልጄ ልጅ ማታ ማታ ፈረንሳይኛ የምትማርበት ክፍል ያንኑ በዓል ማክበሩን በስልኳ አሳየችኝ። ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች፣ ሁሉም የወረቀት ዘውድ ደፍተው፣ እየጮኹ ይጠጣሉ።

«ሁላችሁም ነገሣችሁ?» አልኋት።

«ማንም ቅር እንዳይለው ብለን ነው፣ እማማ።»

መልካም ነው አልኋት፤ መልካምም ነው። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁት፤ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ የለም፤ ምን ተባለ ብሎ ግድግዳ የሚያይም የለም። በእኛ ጊዜ አንድን እንግዳ ማስደሰት ቤት ያስለቅቅ ነበር። ይህንን ልነግራት ጀምሬ፣ ሳቋን ሳየው ተውሁትና፣ ደግመሽ አሳዪኝ አልኋት።